መርከብ በባዶ እግሬ ያሳደድኩበት ቀን

መርከቧ ስትንቀሳቀስ ያየኋት ከግንቡ ላይ ሆኜ ነው። ጫማዬን አውልቄ፣ የተላጠ ተረከዜን በነጠላዬ ጫፍ እያራገብኩ ተቀምጬ ነበር። ቀና ስል ከታች፣ ወንዙ ላይ፣ ያቺ ነጭ መርከባችን ከወደቡ ፈቀቅ ብላለች። መጀመሪያ ዓይኔን አላመንኩም። ቀጥሎ ጭሷን አየሁ። ቀጥሎ በእሷና በመሬቱ መካከል ያለው ውኃ ሲሰፋ አየሁ።

ፓስፖርቴ እሷ ላይ ነው። ሻንጣዬ እሷ ላይ ነው። ወደ አገሬ የሚመልሰኝ ሰው ሁሉ እሷ ላይ ነው። እኔ በሰው አገር ተራራ ላይ በባዶ እግሬ ቀርቻለሁ።

ይህ የሆነው በደርግ ጊዜ ነው። የበኩር ልጄ ግርማ አሥራ ስምንት ዓመት ሊሞላው ጥቂት ወራት ሲቀሩት ነበር። በዚያ ዘመን ወንድ ልጅ ያላት እናት ይህን የውትድርና ዕድሜ እንዴት እንደምትቆጥረው የሚያውቅ ያውቀዋል። ገጠመኙ ከልቤ ያልወጣው ግን በፍርሃቱ ብቻ አይደለም። ያን ያህል የፈራሁበትን ነገር ያመጣሁት እኔው በገዛ እጄ ስለሆነ ነው። በገዛ እጄ ስል በእውነት በእጄ ነው። ላስረዳችሁ።

ያኔ የምኖረው ወሎ ሰፈር ነው። የልጆቼ አባት ካረፈ አራት ዓመቱ ነበር። ሦስት ልጆች አሉኝ፤ ግርማ፣ ሰናይትና ትንሿ ምሥራቅ። የምሠራው ልብስ ስፌት ፋብሪካ ነው። ሥራዬ የወታደር ሸሚዝ አንገትጌ መስፋት ነበር። ቀኑን ሙሉ የማላውቀውን ልጅ አንገት እሰፋለሁ፤ ማታ ቤቴ ገብቼ የራሴን ልጅ አንገት አያለሁ። ያን ነገር ላለማሰብ ብዬ ነው መሰለኝ እጄ በጣም ፈጠነ። ሳላስበው ኮከብ ሠራተኛ ተብዬ ተመረጥኩ።

ሽልማቱ ጉዞ ሆነ። ከየመሥሪያ ቤቱ የተመረጥን አሥራ ሁለት ሰዎች በአውሮፕላን ቡልጋሪያ ወርደን፣ ከዚያ ዳኑብ በሚባል ወንዝ ላይ በመርከብ እየሄድን የሶሻሊስት አገሮችን እንድንጎበኝ ተባለ። መርከቧ በየከተማው ትቆማለች፤ ሰው ይወርዳል፣ ይጎበኛል፣ ተመልሶ ይሳፈራል። እኔ ከቀበና ወንዝ ሌላ ወንዝ በቅጡ አይቼ አላውቅም። የቀበናን ወንዝ ያየ ሰው ደግሞ ወንዝ ላይ እየተኙ ይኬዳል ሲሉት አይገባውም።

በዚያ ጊዜ ወደ ውጭ የሚሄድ ሰው ዋስ ይጠራል። ሰውየው ሄዶ ከቀረ ዋሱ ይጠየቃል። መጀመሪያ የሄድኩት ኮተቤ ወንድሜ ዘንድ ነው።

«እህቴ ነሽ፣ እወድሻለሁ» አለኝ። «ግን ልጆች አሉኝ።»

«እኔስ ምን አሉኝ? ዶሮ?» ብዬው ወጣሁ።

የፈረመልኝ ጎረቤቴ ጋሽ ሰይድ ነው። ጋሽ ሰይድ ጎሚስታ ነው፤ ከቤቴ ፊት ለፊት፣ አስፋልቱ ዳር የመኪና ጎማ ይለጥፋል። የወሎ ሰው ነው፣ ሰባት ልጆች አሉት፣ ቀልድ አያልቅበትም። ሳልለምነው ሥራውን ጥሎ ዋስ ወደሚፈረምበት ቢሮ ተከትሎኝ መጣ። የቢሮው ልጅ የአሻራ ቀለም ሊያቀርብለት ሲል፣ «ተወው ልጄ፣ እኔ ቀለሜን ይዤ ነው የምዞረው» ብሎ በጎማ የጠቆረ አውራ ጣቱን ወረቀቱ ላይ አሳረፈው። ግልጥ ያለ አሻራ ወጣ።

ስንወጣ ግን ቀልዱን ተወ። «ዘነበች» አለኝ፤ «እኔ የፈረምኩት ወንዝ አይተሽ ልትመለሺ ነው። ሰባት ልጆች ከኋላዬ አሉ። አደራ።»

«ጋሽ ሰይድ፣ እኔ የት ልሄድ? ከቦሌ ወዲያ መንገድ አላውቅም» አልኩት።

ከመሄዳችን ሳምንት ሲቀረው ኦሎምፒያ አካባቢ አንድ አዳራሽ ውስጥ ስብሰባ ተጠራን። የቡድናችን መሪ ጓድ ታደለ ይባላል። ሠላሳ ዓመት ቢሆነው ነው፤ ካኪ ለብሶ፣ ወረቀት ይዞ ፊት ለፊታችን ቆመ። በየወደቡ ሦስት ሦስት ጉብኝት እንዳለ፣ አንድ ሰው ለአንድ ወደብ አንዱን ብቻ መምረጥ እንዳለበት ነገረን። አስተናጋጆቹ ዝርዝሩ አስቀድሞ እንዲደርሳቸው ይፈልጋሉ ተባለ።

ተናግሯል። በኋላ ሁሉም መስክረውብኛል። እኔ ግን ከኋላ ወንበር ላይ ተቀምጬ፣ በሌለሁበት ምሥራቅን ማን ጠጉሯን ይሠራታል እያልኩ ነበር።

እዚህ ላይ የቀበሌያችንን ስብሰባ ካልነገርኳችሁ አይገባችሁም። ሰፈራችን እሑድ እሑድ ይሰበሰባል። «የምትደግፉ እጃችሁን!» ሲባል እጅ ይወጣል። «የተቃወመ? የለም። ድምፅ ያቀበ? የለም። በሙሉ ድምፅ ጸድቋል!» ይጨበጨባል። ስንት ዓመት እንዲህ ኖርን። እኔ ምስር ይዤ ሄጄ ጭኔ ላይ እየለቀምኩ እጄን አወጣ ነበር። እንዲያውም አንድ እሑድ እንቅልፍ ወስዶኝ ሳለ እጄን አውጥቻለሁ ብለው ጎረቤቶቼ ይስቁብኛል። እጄ «እጃችሁን» የሚለውን ቃል ከሰማ እኔን አይጠይቅም።

ጓድ ታደለ እንግዲህ ማንበብ ጀመረ። «በመጀመሪያው ወደብ የማርማላታ ፋብሪካ የምትፈልጉ እጃችሁን!» እጄ ወጣ። «ሙዚየም የምትፈልጉ እጃችሁን!» እጄ ወጣ። «በእግር ተጉዞ የድንጋይ ዋሻ መግባት የምትፈልጉ እጃችሁን!» እጄ ወጣ። በሁለተኛው ወደብም፣ በሦስተኛውም እንዲሁ።

አንድ ነገር ልብ በሉ። ዝርዝሩ የተሠራው ከቀላሉ ወደ ከባዱ ነው። የመጨረሻው ሁልጊዜ ገደል መውጣት ወይም ጉድጓድ መግባት ነው። ጸሐፊው ስሜ ሦስቱም ቦታ ሲመጣበት ግራ ገብቶት የፊተኞቹን እየሰረዘ የመጨረሻውን ያዘ። ነቃ ብዬ ዙሪያዬን ሳይ፣ በዚያ አዳራሽ ውስጥ የተዘረጋው እጅ የኔ ብቻ ነው።

ጓድ ታደለ ደስ አለው። «እዩልኝ!» አለ። «ወጣቶቹ አውቶቡስ ስትመርጡ ይህች እናት ተራራ መረጠች! ይህች ጓድ ለሁላችንም ምሳሌ ናት!»

አዳራሹ አጨበጨበ። እኔም አጨበጨብኩ።

አጠገቤ የሺ ነበረች፤ ከፋብሪካችን አብራኝ የተመረጠች ልጅ፣ ምላሷ እንደ መቀስ ነው። «እትዬ ዘነበች፣ ምን ነካሽ?» አለችኝ በሹክሹክታ።

«እኔ አይደለሁም፣ እጄ ነው።»

«እንግዲያውስ እጅሽ ብቻውን ይሂድ፣ አንቺ ከኛ ጋር ማርማላታ ብዪ!»

ተነስቼ ተሳስቻለሁ ማለት እችል ነበር። ዛሬ ላላችሁ ሰዎች ቀላል ነው። ያኔ ግን የወጣ እጅ ሲወርድ አይተን አናውቅም። ከተጨበጨበ በኋላ ደግሞ ጭራሽ። የምርጫችን ዝርዝር የተተየበበት ወረቀት ተሰጠኝ። ማንበብ የተማርኩት በመሠረተ ትምህርት ነው፤ አነባለሁ፣ ግን እንደ ሰው ቶሎ አይሄድልኝም፣ ፊደሉን አንድ በአንድ ነው የማነሳው። «ዋሻ»፣ «ደን»፣ «ግንብ» የሚሉትን ለቀም ለቀም አድርጌ፣ በንዴት አጣጥፌ ቦርሳዬ ውስጥ ወሸቅኩት። ከግንቡ ሥር ሌላ መስመር ተጽፎ ነበር። እሱን አላነበብኩም። ይህን አስታውሱልኝ።

ሄድን። ወንዙን ላሞግሰው አልችልም። ግራና ቀኙ ወይን ነው፣ ደን ነው፣ ቀይ ክዳን ያለው ቤት ነው። መርከቧ ስትሄድ ውኃ ያለበት ብርጭቆ እንኳ አይነቃነቅም። ወይ ልጆቼ ባዩት እያልኩ ሁለት ቀን ደስ ብሎኝ ተቀመጥኩ።

ከዚያ ዋሻው መጣ። ዋሻውን የመረጡት አብረውን የተሳፈሩ የቼክ አገር ጡረተኞችና እኔ ነን። እነሱ ወፍራም ቦቲ ጫማና ከዘራ ይዘዋል። እኔ ለጉዞው ብዬ ከመርካቶ የገዛሁትን ተረከዝ ያለው ጥቁር ጫማ አድርጌ ነጠላ ለብሻለሁ። ዋሻው ውስጥ የሌሊት ወፍ ሞልቷል። አንዷ ፊቴን በክንፏ ስትነካኝ የጮኽኩት ጩኸት ዋሻውን ዞሮ ተመልሶ እኔኑ አስደነገጠኝ። አንድ ሽማግሌ ቼክ ከዘራውን ሰጠኝ፤ እሱ በባዶ እጁ ሄደ።

በሁለተኛው ወደብ ደን ነው፤ በዝናብ ግማሽ ቀን በእግር። የኔ ሰዎች ያን ዕለት በአውቶቡስ ወይን መጭመቂያ ሄደው ዘፍነው መጡ። ተረከዜ ውኃ ቋጥሮ አንክሼ ስመጣ፣ የሺ ከመጀመሪያው ቀን የተረፋትን የማርማላታ ጠርሙስ ሰጠችኝ። «ይኸው ለእግርሽ ቅቢው» ብላ ሳቀችብኝ።

ሦስተኛው ወደብ ዩጎዝላቪያ ነበር። ከመውረዳችን በፊት ጓድ ታደለ ሰበሰበን። ፊቱ ተለውጧል።

«ስሙኝ» አለ። «እዚህ አገር ድንበሩ ልቅ ነው። ከዚህ ተነስቶ ኢጣሊያ የገባ ሰው አለ። ባለፈው ከሌላ ቡድን የወረዱ ሁለት ሰዎች አልተመለሱም። ማንም ሰው ከቡድኑ እንዳይለይ።»

«የኔ ቡድን ቼኮቹ ናቸው እኮ» አልኩት።

ሌሎቹ የሚሄዱት ወደቡ አጠገብ ላለ ሐውልት የአበባ ጉንጉን ሊያኖሩ ነው፤ ጉንጉኑን የሚይዘው ደግሞ እሱ ራሱ ነው። ይቅርብኝ ልለው አፌን ከፈትኩ። እሱ ቀደመኝና ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ጓድ ዘነበች፣ አንቺን አልጠረጥርም። ግን ልጆችሽን አስቢ» አለኝ። ይህን ከሰማሁ በኋላ አልሄድም ብል ምን ብላ ነው ይባላል ብዬ ደግሞ ፈራሁ። ስለዚህ ሄድኩ። ከማልፈልገው ነገር ለመዳን የማልፈልገውን አደረግኩ ማለት ነው።

አውቶቡሱ እስከ ግንቡ ሥር ወሰደን። ከዚያ ደረጃ ነው። ቼኮቹ እየዘፈኑ ወጡ። እኔ አናቱ ላይ ስደርስ ጫማዬን አውልቄ ጥላ ያለበት ግድግዳ ሥር ቁጭ አልኩ። እነሱ ማማው ውስጥ ገቡ። ያኔ ነው መርከቧ ስትሄድ ያየሁት።

«ቁሙ!» ብዬ ጮኽኩ። በአማርኛ። ከተራራ ላይ። ለመርከብ።

ከዚያ፣ ማማው ውስጥ ያሉት ቼኮች ትዝ ሳይሉኝ፣ ሮጥኩ። በመጣንበት ደረጃ አይደለም፤ በስተጀርባ ወደ ወንዙ የሚወርድ የፍየል መንገድ አየሁና በዚያ ወረድኩ። አንድ ጫማ በግራ እጄ፣ አንድ ጫማ በቀኝ እጄ። ከዘራውን ጥዬዋለሁ። እሾህ ወጋኝ፣ አላቆምኩም። ሁለት ጊዜ በቂጤ ተንሸራተትኩ፤ በቂጤ ስሄድ ይሻላል መሰለኝ፣ ፈጠንኩ።

ወደቡ ላይ ስደርስ አራት ዝይና አንድ ገመድ ብቻ አሉ። መርከቧ ኮረብታውን ታጥፋ የኋላዋ ብቻ ይታያል። ነጠላዬን አውርጄ አውለበለብኩ። አንድ ሰው ከመርከቧ ላይ መልሶ እጁን አውለበለበልኝ። መንገደኛ ስትሰናበት መስሎታል። ከዚያ ተሰወረች።

መሬት ላይ ዘፍ አልኩ። የመጣብኝ የጋሽ ሰይድ አውራ ጣት ነው። ያ ጥቁር አሻራ ወረቀቱ ላይ። ጎማ እየለጠፈ ሳለ ሁለት ሰዎች መጥተው፣ «ዘነበች ከዳች፣ ተነስ» ሲሉት ታየኝ። ሰባቱ ልጆቹ በር ላይ ቆመው ታዩኝ። ቀጥሎ ግርማ ታየኝ። እናቱ የከዳች ልጅ። ማን ይከራከርለታል? ከሁሉ በፊት ስሙ የሚጠራው የሱ ነው። ሰናይትና ምሥራቅስ ማን ቤት ይገባሉ? ወንድሜ ቤት? ወንድሜማ ልጆች አሉት።

አለቀስኩ። እያለቀስኩ ሳለ ጥላ ሸፈነኝ። ቀና ስል ጥቁር ሻሽ ያሰረች፣ እጅጌዋን የሰበሰበች ትልቅ ሴት ቆማለች። ከበስተኋላዋ ወንዙ ዳር ስጋጃ እያጠበች ኖሯል። በቋንቋዋ የሆነ ነገር አለችኝ።

እኔም በቋንቋዬ ነገርኳት። ሁሉንም ነገርኳት፤ ስለ ዋሱ፣ ስለ ስብሰባው፣ ስለ እጄ። ሦስት ጣት አሳየኋት፣ ልጆቼን ለማለት። ከዚያ እታሰራለሁ ለማለት ሁለት እጄን አጣምሬ ዘረጋሁላት። ሴትየዋ ወደ ኋላ አንድ እርምጃ ፈቀቅ አለች። ሦስት ሰው ገድላ ከእስር ያመለጠች መስያት ይሆናል።

ያኔ አንገቴ ላይ ያለው ካርድ ትዝ አለኝ። መርከቧ ላይ ለሁላችንም ሰጥተውናል፤ የመርከቧ ስም፣ ማኅተምና የየቀኑ ወደብ አለበት። ሌባ እንዳይወስድብኝ ጡት መያዣዬ ውስጥ ደብቄው ነበር። አውጥቼ ሰጠኋት። አነበበችው። መርከቧ የሄደችበትን አየች፣ እኔን አየች፣ ጫማዎቼን አየች። ከዚያ ጭኗን መትታ ሳቀች። እንዴት ያለ ሳቅ!

ክፉኛ ተቀየምኳት። ሰው ሲሞት ትስቂያለሽ እንዴ ብዬ በልቤ ረገምኳት። እሷ ግን ክንዴን ይዛ አነሳችኝ፣ እግሬን አይታ ከንፈሯን መጠጠች። ልክ እንደኛ ነው የመጠጠችው። ወንዙ ውስጥ አስገብታ እግሬን አጠበችልኝ። ከዚያ ወደ መንገዱ ዞራ ተጣራች። ባሏ ሐብሐብ የጫነ ትራክተር እየነዳ መጣ። ተሳቢው ላይ፣ ሐብሐቡ መካከል አስቀመጡኝ፤ እሷም አጠገቤ ወጣች። በጣቷ ወንዙን እያሳየች «እዚያ፣ እዚያ» የምትል ይመስላል። ወዴት እንደሚወስዱኝ አላወቅኩም። ኢጣሊያ ሊሆን ይችላል ብዬ ፈርቼ ነበር፤ በትራክተር ኢጣሊያ።

መንታ መንገድ ላይ ስንደርስ ፖሊስ ቆሟል። እኔ ምንም ያጠፋሁት ነገር የለም። ቀጥ ብዬ ብቀመጥ ያልፈኝ ነበር። እኔ ግን ምን ባደርግ ጥሩ ነው? ነጠላዬን ተከናንቤ ሐብሐቡ መካከል ተኛሁ። ሐብሐብ ነጠላ ለብሶ አይታችሁ ታውቃላችሁ? ፖሊሱም አላየም መሰለኝ፣ አስቆመን። ነጠላውን ገለጥ ሲያደርገው ዓይን ለዓይን ተያየን።

ሴትየዋ ተናገረች፣ ካርዱን ሰጠችው፣ በእጇ ተራራ፣ መርከብ፣ ሩጫ አሳየችው። በቂጤ የተንሸራተትኩትን እንኳ አሳየችው፤ ለካ ስወርድ እያየችኝ ኖሯል። ፖሊሱ ከሳቁ የተነሳ ቆቡን አወለቀ። አንድ ሐብሐብ መርጦ ወሰደና አሳለፈን።

ትንሽ እንደሄድን ኮረብታው አለቀ፤ ወንዙ ተገለጠ። መርከቧ! ያቺው ነጭ መርከብ ሌላ ወደብ ላይ ታስራ ቆማለች። አጠገቧ አውቶቡሳችን አለ። ቼኮቹ ሁሉ ወርደው ቆመዋል።

ለካ ነገሩ እንዲህ ነው። ግንብ የሚያዩ ሰዎች ወደ መጡበት ወደብ አይመለሱም። መርከቧ ቀደም ብላ ቀጣዩ ወደብ ትሄዳለች፤ አውቶቡሱ እነሱን እዚያ ያደርሳቸዋል። በወረቀቴ ላይ ከግንቡ ሥር የተጻፈውና ያላነበብኩት መስመር ይህ ነው። እኔ ልትጠብቀኝ የምትሄድ መርከብ ነው በባዶ እግሬ ያሳደድኩት። አውቶቡሱ ግንቡ ሥር ቆሞ ሲጣራ፣ ሲፈልግ፣ ሲጠብቅ ቆይቶ፣ ያለ እኔ መጣ።

ከሐብሐቡ መካከል ስነሳ ቼኮቹ አጨበጨቡልኝ። ጓድ ታደለ ግን የመርከቧ መውጫ ላይ ተቀምጦ ነበር፣ ጭንቅላቱን በሁለት እጁ ይዞ። ጭኑ ላይ ወረቀት አለ። ሲያየኝ ተነሳ። ይጮኽብኛል ብዬ ተዘጋጀሁ።

«እትዬ ዘነበች» አለኝ። ከአዲስ አበባ ጀምሮ ጓድ እንጂ እትዬ ብሎኝ አያውቅም። «እትዬ ዘነበች፣ የት ነበርሽ?»

«ግንብ አይቼ መጣሁ» አልኩት።

ወረቀቱን አየሁት። የመጀመሪያውን መስመር አንድ በአንድ አነሳሁት፤ «ጓድ ዘነበች ከቡድኑ ተለይታ በመጥፋቷ...» ይላል። እንዳነበብኩት ገባውና ቀዶ ቀዶ ውኃው ላይ በተነው። «የኔ ዋስ አባቴ ነው» አለኝ ዝቅ ባለ ድምፅ። «አንቺ ብትቀሪ እኔም አባቴም አልቀን ነበር። ይህን ነገር ማንም እንዳይሰማ።» ያን ቀን ያ ካኪ የለበሰ ሰው የግርማ ታላቅ ወንድም ብቻ መሰለኝ። እሱም ለካ እንደኔ ሲፈራ ነው የኖረው።

ሴትየዋን ዞሬ አቀፍኳት። የምሰጣት ነገር ስላልነበረኝ ነጠላዬን ከትከሻዬ አውርጄ አለበስኳት። እንቢ አለች፣ እንቢ አልኩ። በመጨረሻ ለብሳው ትራክተሩ ላይ ወጣች። እሷም ሦስት ጣት አሳየችኝ። የልጆቿን ቁጥር ይሁን የኔን ማስታወሷ ይሁን እስከ ዛሬ አላውቅም።

ከዚያ በኋላ በቀሩት ወደቦች አልወረድኩም። እግሬ ታሟል ተባለልኝ። የመርከቧ አስጎብኚ ለአዲስ ጉብኝት እጅ ስታስወጣ ሁለቱን እጆቼን ከጭኔ ሥር አድርጌ እቀመጥባቸው ነበር። የሺ አጠገቤ ሆና፣ «እትዬ ዘነበች፣ ግራው ሊያመልጥሽ ነው፣ ያዢው!» ትለኛለች።

ቦሌ የደረስን ዕለት ሰማዩ ብሩህ ነበር። አውሮፕላኑ ሲወርድ መስኮቱ ላይ ተለጥፌ ወሎ ሰፈርን ፈለግኩ፤ ቆርቆሮ በቆርቆሮ ሆኖብኝ አልለየሁትም። ስወጣ ልጆቼ ከአጥሩ ወዲያ ቆመዋል። አጠገባቸው የዓርብ ልብሱን የለበሰ፣ ቆቡን ያደረገ ሰው አለ። ጋሽ ሰይድ ነው። ከጠዋት ጀምሮ ቆሞ ነው የዋለው አለችኝ ሰናይት፤ አንድ አውሮፕላን ባረፈ ቁጥር «የእናትሽ ነው?» ይላት ነበር።

ምሥራቅ አንገቴ ላይ ተጠመጠመች። ግርማ ሻንጣዬን ተቀበለኝ። የግርማን አንገት ይዤ ሳምኩት፤ ምን እንደነካኝ አላወቀም፣ ሰው አየኝ ብሎ አፈረ።

ጋሽ ሰይድ እጁን ዘረጋልኝ። አውራ ጣቱን ሳሙና አሽቶ አሽቶ አንጽቶታል። ከማውቀው ጊዜ ጀምሮ ንጹሕ ሆኖ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

«አየሽው ወንዙን?» አለኝ።

«አየሁት፣ ጋሽ ሰይድ።»

«ይበቃሻል?»

«ይበቃኛል።»

የየሺን ማርማላታ አውጥቼ ሰጠሁት። ስለ ግንቡ አልነገርኩትም። የነገርኩት ከብዙ ዓመት በኋላ፣ መንግሥት ከተለወጠ ወዲያ ነው። ያኔ ግርማ ለውትድርና ሳይሄድብኝ ቀርቶ ሚስት አግብቶ ነበር። ጋሽ ሰይድ ሳቀ፣ ሳቀ፣ ከዚያ አውራ ጣቱን አየው።

ዛሬ ሳስበው በራሴ እስቃለሁ። ይህን ጽሑፍ ያነበቡልኝ ልጆቼም ይስቃሉ። ግን አሁንም አንድ ሰው «እጃችሁን» ሲል ከሰማሁ መጀመሪያ እጄ ይነሳል፣ ከዚያ እኔ እከተለዋለሁ። ብቻ አሁን ደርሼበት አወርደዋለሁ።

ያን ቀን ከቦሌ እስከ ወሎ ሰፈር በእግራችን ሄድን፤ ታክሲ እንያዝ ቢሉኝ እንቢ አልኩ። ጫማዬን አውልቄ በእጄ ያዝኩት። ማንንም ማሳደድ አልነበረብኝም፤ ልጆቼ በግራዬ፣ ዋሴ በቀኜ ነበሩ። በሬን ከፍቼ ገባሁ፣ አልጋዬ ላይ ተቀመጥኩ፣ «ቤቴ ገባሁ፤ ደህና ነኝ» አልኩ። ደህናም ነበርኩ።